መጨረሻው ላይ ጫን

የፈረንሳይኛ መምህራችን ግስ ሲያስጠናን ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታ ነበር፤ ለየክፍለ ቃሉ ለስለስ፣ ለመጨረሻው ጠንከር አድርጎ። «ትራ-ቫ-ዬ፣ መሥራት። መጨረሻው ላይ ጫን በሉ» ይለናል። እኛ ደግሞ ፊደሉን እንደ አማርኛ እናጠብቅበታለን። «ድምፁን ጫኑ አልኩ እንጂ ፊደሉን አጥብቁ መቼ አልኩ» እያለ ይበግናል።

ያን ዓመት አዲስ አበባ ገብቼ ፈረንሳይኛ ለመማር የቀረኝ የቃል ፈተና ብቻ ነበር። ፈታኙ ወደ ከተማችን ጅማ የሚመጣው ሐሙስ ነው፤ ካመለጠ አመለጠ። ሰኞ ማለዳ የቦሳ ኪቶ ቀበሌያችን ሊቀመንበር የሰፈሩን ወጣት ሁሉ ለቡና ለቀማ ወደ አጋሮ አስጫነን። ፈተናዬን ነገርኩት። «ፈረንሳይኛ ቡና አይለቅምም» አለኝ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ። እሱ ራሱ አንዲት ፍሬ ሲለቅም ያየ ሰው የለም እኮ።

እልህ ያዘኝና ለቀማውን ጥናት አደረግኩት። ግሱን ድምፄን አሰምቼ እየደጋገምኩ ለአንድ ክፍለ ቃል አንድ ፍሬ እቀጥፋለሁ፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ የያዝኩትን ቅርጫቱ ውስጥ ዱብ። አጠገቤ የሚለቅሙ የአጋሮ እናት ሰምተው ሰምተው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የምትደጋግሚው የአላህ ዚክር ነው እንዴ?» አሉኝ።

«ፈተና ነው፣ እናቴ።»

«ኢንሻአላህ ታልፊያለሽ» ብለው እሳቸውም ከእኔ ጋር ዱብ ማድረግ ጀመሩ። ውሎ አድሮ ረድፉ ሁሉ ተከተለን።

ረቡዕ ከሰዓት ሊቀመንበሩ ሊጎበኘን መጣና ቆሞ አዳመጠ። ፈገግ ሲል ሊለቀኝ መሰለኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ፈተናው ነገ ነው» አልኩት።

«እንዲህ ያለ ድምፅ ነው ያጣነው» አለ። «ነገ እንግዶች ከላይ ይመጣሉ። መፈክር የምታሰሚው አንቺ ነሽ።»

ሐሙስ፣ ፈታኙ ጅማ ላይ ስሜን ጠርቶ ሲያልፍ፣ እኔ የጭነት መኪና ላይ ቆሜ እጄን አንስቻለሁ። «ወ-ደ-ፊት!» ሕዝቡ ይቀበለኛል። ተናድጄም መጨረሻውን መጫኔን አልተውኩም። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ሊቀመንበሩማ መዳፉ እስኪቀላ። ያን ሰውዬ ዛሬም ይቅር አላልኩትም።

ከመኪናው ስወርድ እኚያ እናት ቅርጫታቸውን እንዳዘሉ ጠበቁኝ። ጭብጨባውን ሰምተው ፊታቸው በርቷል።

«አልሐምዱሊላህ» አሉኝ፣ «አለፍሽ።»