አወቀና የፍሬኑ ዘይት

አወቀ በልጅነቱ ከአባቱ፣ በጉርምስናው ደግሞ ከጭነት መኪና ሾፌሮች ዱላ ጠግቦ ያደገ ሰው ነው። አርባ ዓመት ሲጠጋው በሚኖርባት በዘመሮ ከተማ ውስጥ የእሱን እጅ ያልቀመሰ ሾፌር ጥቂት ነበር። መናኸሪያ ውስጥ ተራ የቀማውን ይመታል። ጠባብ መንገድ ላይ አላሳልፍ ያለውን አስወርዶ ይመታል። አንድ ጊዜ ተሳፋሪ ሴት ላይ እጁን የሰደደ ጎረምሳ አፍንጫ ሰብሮ፣ ደሙ እየፈሰሰ እዚያው መኪና ላይ ጭኖ ጤና ጣቢያ ያደረሰውም ራሱ ነው። ሰዉ «አወቀ ይመታል እንጂ ቂም አይዝም» ይለው ነበር።

ሚስቱ ሙሉመቤት የበግ ጠጉር እየገዛች ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ታሸምናለች፤ ባናውን ደብረ ብርሃን ድረስ ወስዳ ትሸጣለች። አወቀ የሚነዳትን ሚኒባስ የገዙት በእሷ ንግድና በእሱ የብዙ ዓመት የቅጥር ሾፌርነት ነው። ያገለገለች አልነበረችም። አዲስ አበባ ካለ ኩባንያ፣ የወንበሯ ላስቲክ እንኳ ሳይነሳ፣ ከነዋስትናዋ የወጣች ናት። ዋስትናው ግን ግዴታ ነበረው፤ ሰርቪስ የሚደረገው በዚያው ኩባንያ ጋራዥ ብቻ ነው።

አወቀ መካኒክ አያምንም። መኪናዋ ሁለተኛ ዓመቷን ልትደፍን ስትል ለሰርቪስ ከማስገባቱ በፊት የአየር ማጣሪያውን ጥግ በምስማር ጫረው። ስትወጣ «ማጣሪያው ተቀይሯል» ተባለና ከፈለ። ከከተማው ሳይወጣ መንገድ ዳር ቆሞ ከፍቶ አየ። ጭረቷ እዚያው ነበረች። ተሳፋሪ ጭኖ ስለነበር አልተመለሰም። ማጣሪያውንም አልነካውም፣ እንዳለ ተወው። ያን ጊዜ ግን ሰዉ እንደሚለው አልሆነም። ቂም ያዘ።

በቀጣዩ ሰርቪስ የተቀበለው ታዲዮስ የሚባል ወጣት ነበር። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ትሁት ነው።

«ጋሼ፣ የሞተር ዘይቱን ቀይረናል» አለው። «ሞተሩ ውስጡ በኬሚካል ቢታጠብ ጥሩ ነው። የነዳጅ መርጫዎቹ ቢጸዱ፣ የማርሽ ዘይቱም ቢቀየር ይመከራል። የፍሬን ዘይቱም ሁለት ዓመት ስላለፈው ቢቀየር ይመከራል።»

«ሁሉም ይመከራል?»

«አዎ ጋሼ።»

«የአየር ማጣሪያውስ?»

«እሱ ባለፈው ተቀይሯል፤ ገና ነው።»

አወቀ ሄዶ ማጣሪያውን ከመኪናዋ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ጭረቷን በጣቱ አሳየው። «ይቺን እኔ ነኝ የጫርኳት። ከመቀየሩ በፊት።»

ታዲዮስ ጭረቷን አየ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። «ጋሼ፣ እሱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፣ ግን የፍሬኑ…» ብሎ አልጨረሰም። የአወቀ ቡጢ አፉ ላይ አረፈ። ልጁ ወደ ኋላ ሄዶ ከመስታወት መደርደሪያው ጋር ተላተመ፤ መስታወቱ በላዩ ላይ ረገፈ። ሲነሳ የፊት ጥርሱ መሬት ላይ፣ ነጭ ሸሚዙ ደም በደም ነበር። አወቀ ሊደግመው ሲል ጥበቃዎቹ ደረሱ። አንደኛው በዱላ ማጅራቱን፣ ሌላው በጫማ ሆዱን አሉት። ወድቆም አልተዉትም። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከዚያ ዋስ፣ ከዚያ ሽምግልና። ታዲዮስ ክሱን ሲተው ኩባንያው ዋስትናውን ሰረዘ፤ አወቀንም ከእንግዲህ ግቢያችን እንዳትደርስ አለው።

ዘመሮ ሲገባ አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቶ ነበር። ሙሉመቤት በጨው ውሃ እያጠበችለት የሆነውን ሁሉ አስነገረችው።

«ስለ ማጣሪያው ዋሽተዋል» አለች። «የፍሬኑስ?»

«ሁሉም ውሸት ነው።»

«ደብረ ብርሃን ሌላ መካኒክ አሳየዋ። ካላስፈለገው አላስፈለገውም ይልሃል። ያን ያህል ሰው ጭነህ ገደል ለገደል ነው የምትነዳው።»

«ተይኝ አልኩሽ!»

«አልተውህም። የተደበደብከው አንተ፣ የምትሳፈረው እኔ…»

የመኪናዋን ቁልፍ ከነመያዣ ብረቱ ወረወረባት። ቅንድቧ ተሰነጠቀ። ደሙ ጭኗ ላይ አጥፋ በያዘችው ባና ላይ ሲወርድ ሁለቱም አዩት። አወቀ ነጠላዋን ቁስሉ ላይ ጭኖ ጤና ጣቢያ ወሰዳትና አሰፋላት። እሷም ስለ ፍሬኑ ዳግመኛ አላነሳችም።

ከዚያ በኋላ አወቀ መኪናዋን ራሱ ያዘ። የሞተር ዘይት በጊዜው ይቀይራል። የፍሬን ሸራ ሲሳሳ ያወጣል፣ አዲስ ይገጥማል። ሸራ ሲያልቅ በዓይን ይታያላ። የፍሬን ዘይቱን ግን እየጠቆረ ሲሄድ ክዳኑን ከፍቶ እያየ ይዘጋዋል። ፍሬኑ ይይዛል። የሚይዝ ነገር ለምን ይነካል? ኩባንያው ያለውን ባለማድረጉ ደግሞ በልቡ ያሸነፈ ይመስለው ነበር። እንዲህ ሆኖ አንድ ዓመት አለፈ።

የቅዳሜ ገበያ ሲበተን ነው ያ የሆነው። መኪናዋ ከልክ በላይ ተሳፋሪ፣ ጣሪያዋ ላይ የገብስ ጆንያ ጭና ቀየት ከሚባለው ቦታ በታች ያለውን ቁልቁለት ጀመረች። አወቀ ማርሹን ሳያከብድ በፍሬን ብቻ ነበር የሚወርደው፤ ለዓመታት እንዲያ ወርዷል። ከመንገዱ እኩሌታ ሲደርሱ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ መጣ። ቀጥሎ ያለውን ኩርባ ሊይዝ ፍሬኑን ሲረግጥ እግሩ ምንም ሳይነካ እስከ ወለሉ ወረደ።

ደግሞ ረገጠ፤ ባዶ ነው። ሲደጋግም ትንሽ ያዘ፣ ወዲያው ለቀቀ። ማርሹን በግድ አወረደው፤ ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ሳበው፤ የኋላዋ ተንሸራተተች። «ፍሬን በጠሰ!» የሚል ጩኸት ከውስጥ ተነሳ። ሰው በሰው ላይ ተዘረገፈ፤ አንዷ የአርሴማን ስም ትጠራለች፣ አንዱ በሩን ይደበድባል። በግራ ገደል ነው፣ በቀኝ የተቆረጠ የድንጋይ ግድግዳ። አወቀ መሪውን ወደ ግድግዳው ሰበረው።

ግድግዳውን ተጠግቶ ወዳጆ የሚባል አወቀ የሚያውቀው ገበሬ በጎቹን እየነዳ ይሄድ ነበር። ከገበያ ሳይሸጡለት የተመለሱ በጎች ናቸው። ጩኸቱን ሰምቶ ዞር አለ። መሸሽ ይችል ነበር፤ ግን መጀመሪያ በጎቹን ለመግፋት እጁን ዘረጋ። መኪናዋ በጎቹን ጨፍልቃ፣ ወዳጆን ከድንጋዩ ጋር አጣብቃ፣ ብረቷ እየተላጠ ሄዳ ሄዳ ቆመች።

የፊት መስታወቱ ዱቄት ሆኖ የአወቀ ጭን ላይ ነበር። ከተሳፋሪዎቹ ክንዱ የተሰበረ፣ ራሱ የተፈነከተ ብዙ ነው፤ የሞተ ግን አልነበረም። የሞተው ውጭ ነው። የወዳጆ ደም ከበጎቹ ደም ጋር ተደባልቆ አፈሩ ላይ ይወርድ ነበር።

የወዳጆ ታናሽ ወንድም መሳፍንት ከኋላ እየመጣ ነበር። መጀመሪያ ድንጋዩን አየ፣ ቀጥሎ ወንድሙን፣ ቀጥሎ ከመኪናው ወርዶ የቆመውን አወቀን። ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ መጣ።

«ፍሬን በጥሶብኝ ነው!» አለ አወቀ።

«ፍሬን ወንድሜን አያውቀውም» አለ መሳፍንት። «አንተ ታውቀዋለህ።»

የመጀመሪያው ምት የአወቀን ቀኝ ክንድ ሰበረው። ሁለተኛው መንጋጋውን። ሌሎችም ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ደርሰው ድንጋይ አነሱ። አወቀ ከመኪናው ስር ሊገባ ሲል በእግሩ ጎትተው አወጡት። ያን ቀን የሚሞት ሁለተኛ ሰው እሱ ነበር። ያዳነው አንድ በመንገዱ የሚያልፉ ቄስ ናቸው፤ መስቀላቸውን ይዘው በላዩ ተደፉና «በእግዚአብሔር ስም! እኔን ደብድቡ!» እያሉ ፖሊስ እስኪደርስ አልተነሱም። ለእሱ የተወረወረ ድንጋይ የእሳቸውን ትከሻ አቆሰለው።

መኪናዋን የመረመረው የፖሊስ ባለሙያ ሸራው ደህና፣ ቱቦው ያልተቆረጠ ነው አለ። ዘይቱ ግን አርጅቷል፣ ውሃ አዝሏል። አወቀ ተፈርዶበት ታሰረ። እስር ቤት ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሦስት ሰው ደበደበ። አራተኛው ግን እሱን በግንባሩ ደፋው፤ ያልዳነ ክንዱ እንደገና ተሰበረና ጠምሞ ቀረ። ከዚያ በኋላ ቡጢ መጨበጥ አቃተው። መጀመሪያ ይህ ከእስሩ በላይ አንገበገበው፤ ሌሊት ሌሊት እጁን ለመዝጋት ይታገል ነበር።

ሲፈታ ሽማግሌዎች ከወዳጆ ቤተሰብ ጋር ሊያስታርቁት ተቀመጡ። ጉማ፣ ማለትም የደም ካሳ፣ ተቆረጠ። ሙሉመቤት የተሰባበረችውን መኪናና የቀራትን ባና ሸጣ ከፈለች። አወቀ እንደ ደንቡ ድንጋይ ተሸክሞ መሳፍንት እግር ስር ተደፋ። መሳፍንት ደም ላይመልስ ማለ፣ ይቅር ማለቱንም ተናገረ። ሲነሳ ግን ምራቁን አወቀ አጠገብ እንትፍ ብሎ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ያላዩ መሰሉ።

አወቀ በሳምንቱ አዲስ አበባ ወረደ። ግቢው ስለተከለከለ ከኩባንያው በር ትይዩ ሻይ ቤት ተቀምጦ ጠበቀ። ታዲዮስ ለምሳ ሲወጣ ተነስቶ ጠራው። ታዲዮስ አየውና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ክንዱንም ፊቱ ላይ አነሳ።

«ልመታህ አልመጣሁም። ብፈልግም አልችልም» አለና የጠመመ እጁን አሳየው።

ታዲዮስ ቆይቶ ተቀመጠ፣ ወንበሩን ግን ከጠረጴዛው አርቆ። የተተካው ጥርሱ ከሌሎቹ ይበልጥ ነጭ ነበር።

«ያን ቀን ካልከኝ ሁሉ የትኛው ነበር እውነቱ?» አለ አወቀ።

«የሞተር እጥበቱ የእኛ ጭማሪ ነው» አለ ታዲዮስ ቀስ ብሎ። «ፋብሪካው አላዘዘውም። ሰው ባስታጠበ ቁጥር ለእኛ የሚደርሰን አለ። የነዳጅ መርጫውም፣ መኪናው ካልተንቀጠቀጠና ካላጨሰ አይነካም። የማርሽ ዘይቱ ጊዜው ገና ነበር።»

«የፍሬኑስ?»

«የፍሬኑን ያዘዘው ፋብሪካው ነው። ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ያ እርጥበት ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ሲረግጡት ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። እግርዎ ባዶ ይረግጣል። እናንተ አገር ከፍታ ስለሆነ ደግሞ ውሃ ቶሎ ነው የሚፈላው።»

«እንዲህ ብለህ ለምን አልነገርከኝም?» አለ አወቀ።

«ልነግርዎ አፌን ስከፍት መቱኝ።» ታዲዮስ የሻይ ብርጭቆውን አዞረ። «ደግሞ ውሸቱንም እውነቱንም በአንድ ድምፅ ነው የነገርኩዎ። እሱ የእኔ ጥፋት ነው።»

አወቀ ስለ ወዳጆ ነገረው። ታዲዮስ ሰምቶ ሲጨርስ አለቀሰ፤ ሻዩን ሳይጠጣ ተነስቶ ሄደ።

አወቀ አሁን ዘመሮ መናኸሪያ ዳር ጎማ ይጠግናል። ሾፌር ሁሉ ከአዲስ አበባም ከደብረ ብርሃንም ሲመለስ ይጠይቀዋል፤ «ይሄን ቀይር አሉኝ፣ እውነት ነው?» ይለዋል። እሱም ቀይር የተባለውን ነገር ስም ከሰማ በኋላ አንድ ነገር ነው የሚጠይቀው፤ «ቢቀር መኪናህ ይበላሻል ወይስ ሰው ይሞታል?» መኪና የሚያበላሸውን መክሮ ይተወዋል። ሰው የሚገድለውን ግን አይተውም።

ባለፈው ጥቅምት አብነት የሚባል ሾፌር ጎማ ለማስነፋት መጣና በጨዋታ መሐል ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ አንዳንዴ እስከ ወለሉ እንደሚወርድበት ነገረው። «ሲቀዘቅዝ ይመለሳል» አለ።

«ዘይቱን መቼ ቀየርከው?»

«ኧረ ተወኝ ጋሽ አወቀ፣ ኩባንያው ያለውን ሁሉ ብቀይር ልጆቼ ምን ይበላሉ?»

«ሌላውን ሁሉ ተወው። እሱን ብቻ። ዛሬ ሰው አትጫን።»

አብነት ስቆ ሄደ፤ ተሳፋሪ ሞላ። ሞተሩን ሲያስነሳ አወቀ ጩቤውን በግራ እጁ ይዞ መጣና የፊቱን ሁለት ጎማ ወጋው። መኪናው በአፍንጫው ተደፋ። አብነት ዘሎ ወርዶ በቡጢ አፉን አለው። ተሳፋሪዎቹ ወረዱ፤ ለቅሶ የሚሄዱ፣ ታማሚ የያዙ ነበሩ፤ አንዱ በዱላ፣ አንዱ በእርግጫ ተረባረቡበት። አወቀ ጩቤውን ራቅ አድርጎ ወረወረና መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጠማማ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ «ምቱ፣ ግን ቁልቁለቱን አትውረዱ! ምቱ፣ ግን አትውረዱ!» ይል ነበር። ሙሉመቤት ከሱቅ ሮጣ ስትደርስ ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰብሮ ነበር።

እዚያው ጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ተኝቶ ሳለ ከጎኑ ተቀምጣ «አልመለስክላቸውም?» አለችው።

«አልመለስኩም።»

ቅንድቧ ላይ ያለችውን ጠባሳ እያየ ሊናገር ፈለገ፤ የጎኑ ሕመም ከለከለው። እሷም አልጠበቀችውም፤ ውሃ ልታመጣለት ተነሳች።

አብነት በማግስቱ በተዋሰው ጎማ ሰው ሳይጭን ደብረ ብርሃን ሄዶ የፍሬን ዘይቱን አስቀየረ። መካኒኩ ምን እንዳለው ለማንም አልተናገረም። የተወጉትን ጎማዎች አወቀ ሲድን በነፃ ሠራለት። እስከ ዛሬ መናኸሪያ ውስጥ ሲተያዩ አብነት ፊቱን ያዞራል፤ ሰላምታም አይሰጠውም።