ከብረት በፊት የተሳለበት ድንጋይ

ዘርፈሽዋል የድንጋይ ነገር ሲነሳ ወደኋላ አትልም። ቡታጅራ የባህል ባለሙያ ሆና ከተቀጠረች ወዲህ ገበሬው ማሳው ላይ ያገኘውን ሁሉ ተሸክሞ ይመጣል፤ እሷም አገላብጣ አይታ፣ «ይሄ ወፍጮ ነው፤ ይሄኛው መጥረቢያ ነበር፤ ይሄ ደግሞ ድንጋይ ነው፣ ይዘውት ይመለሱ» ትላለች። ማንም አይቀየማትም፤ ስቆ ይመለሳል።

የከበዳት የገዛ ቤተሰቧ ድንጋይ ነው። ቡኢ አጠገብ፣ ከአጎቷ ከጋሽ ባዩ እንሰት ሥር የተጋደመው ትልቅ ድንጋይ ጀርባው በስለት ተቦርብሮ ቦይ ቦይ ሠርቷል። ለመስቀል ሰንጋ ሲጣል የቤቱ ታላቅ ቢላውን የሚስለው መሐል ባለው ሰፊ ቦይ ነው፤ ታናናሾቹ በጠርዙ ይስላሉ። ያ መሐለኛው ቦይ ግን የጥንት ሰው ሥራ ነው። በየመስቀሉ ቢላ ባረፈበት ቁጥር እየተፋቀ ያልቃል፤ ይህ ያንገበግባታል።

ዘንድሮ ደመራው ሳይለኮስ ደረሰች። ጋሽ ባዩ ድንጋዩን በውሃ አርሰው ቢላቸውን ይዘዋል።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ መሐለኛውን ይተዉት።»

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! አባቴ የሳለበትን ልትከለክይኝ?»

«አባትዎም ደረሱበት እንጂ አልሠሩትም።» ተንበርክካ በጣቷ አሳየቻቸው። «የቦዩ ጫፍ አፈር ውስጥ ገብቷል አይደል? አምና ስንቆፍር ያ አፈር ውስጥ ባልጩትና ከሰል አገኘን። ከሰሉ ሲመረመር ሦስት ሺህ ዓመት ሆኖታል። የተሸፈነው ደግሞ ከሸፈነው ይቀድማል። ያኔ ብረት የት አለ? የድንጋይ መጥረቢያ ነው የሳሉበት።»

ጋሽ ባዩ አገጫቸውን አሻሹ። «እሺ፣ የኛስ የትኛው ነው?»

«ይሄ ጠርዙ ላይ ያለው። ጠባብና ነጣ ያለ ስለሆነ የብረት ነው፤ ሩቅ ጊዜም አይደለም። አጋድሏል፤ የሳለው ሰው ግራኝ ነው።»

ለማንም ድንጋይ እንደምትለው ነበር ያለችው። ተናግራ ሳትጨርስ ማን እንደሆነ ገባት። ግራኝ የነበረው የጋሽ ባዩ ታናሽ፣ ሟቹ አባቷ ነው።

ጋሽ ባዩም ገብቷቸዋል። «ወንድሜን አንድ መስቀል እንኳ መሐሉን አላስነካሁትም» አሉ።

ወደ ጠርዙ ዞረው ተቀመጡ። በቀኝ እጃቸው ሞከሩት፤ ቢላው ካጋደለው ቦይ ጋር አልገጥም አለ። ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩትና፣ እየተንሻፈፈባቸው ይስሉ ጀመር። ዘርፈሽዋል ውሃ አፈሰሰችላቸው።