የእሑዴን ነፃነት ፍለጋ፣ ከመሪ እስከ እንጦጦ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከመሪ ኮንዶሚኒየም ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ዳቦ፣ አንድ ሊትር ውሃና የእድራችን ቃለ ጉባኤ ነበሩ። የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ መዋጮ ስሰበስብ፣ ሰው እየከፈለ ሲያወራ፣ እያወራ ሲከፍል ምሳ ሰዓት ያልፋል። መረረኝና መዋጮው በስልክ ይሁን ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። የስልክ ክፍያ አገልግሎቱ የውጭ ኩባንያ ገንዘብ ያፈሰሰበት መሆኑ ሲሰማ ግን ጉባኤው ተደበላለቀ፤ ድምፁም እኩል ለእኩል ተከፈለ። የቀረው የዳኛችን የጋሽ ለማ ድምፅ ነው። እሳቸው ደግሞ ለጉልበታቸው እንጦጦ ጠበል ገብተዋል፤ ስልካቸውንም ዘግተዋል። ውሳኔያቸው ነገ ካልተነበበ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ይህ ለእኔ ሌላ አሥራ ሁለት እሑድ ማለት ነው።

ወደ መገናኛ

ለጋሽ ለማ የማቀርበውን ንግግር ለመለማመድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡትን ባለ ከረባት ሰውዬ ስለ ውጭ ኩባንያው አስተያየት ጠየቅኩ።

"ትርፉን ጠቅልለው ሊወስዱ ነዋ! ሀብታችን ሊሸሽ ነው!" አሉ።

ከኋላችን አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ ሳቀች። "የኔ ወንድም፣ ያንተ ሀብት መገናኛ ድረስ ከሸሸ ትልቅ ነገር ነው።"

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ሰውየው አልተበገሩም፤ ስለ ሉዓላዊነት እያስረዱ ሃያ ብሩን ለረዳቱ በስልክ ከፈሉ። አጮልቄ አየሁ፤ በዚያው በውጭ ኩባንያው አገልግሎት ነው።

"በከፈልክ ቁጥር ሁለት ብር ትመልሳለች እኮ" አሉኝ ድምፃቸውን ቀንሰው።

ፈረንሳይ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

አራት ኪሎ ላይ ሌላ ሚኒባስ ይዤ ፈረንሳይ ሰፈር ወረድኩ። ከአቀበቱ በፊት ዘይነባ የምትባል ከስልጤ የመጣች ባለ ሻይ ቤት ዘንድ ሻይ ጠጥቼ ሁለት ሳምቡሳ በላሁ፤ ሰማንያ ብሩንም በስልክ ከፈልኩ።

"መልእክቱ እኔ ስልክ ላይ ሳይገባ ንቅንቅ የለም" አለችኝ።

ኔትወርኩ ግን ጠፋ። ኔትወርክ ወዳለበት መታጠፊያ ይዛኝ ወጣች። እዚያ ከእኔ በፊት የበሉ ሦስት ደንበኞቿ ቆመዋል፤ ሁላችንም ስልካችንን ወደ ሰማይ አንስተን ጠበቅን።

"የውጭ ኩባንያ መግባቱን ትደግፊያለሽ?" አልኳት።

"የጨረቃም ይሁን! መልእክቱ ይግባልኝ እንጂ።"

ከሩብ ሰዓት በኋላ ገባላት። መረቀችኝ፤ ለቀቀችኝም።

እንጦጦ

ባሕር ዛፉ መሐል ያለው አቀበት ትንፋሼን ቆራረጠው፤ በየሃያ እርምጃው ከተማውን የማደንቅ እየመሰልኩ አረፍኩ። ጋሽ ለማን ጋቢያቸውን ለብሰው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። የእግዜር ሰላምታ እንዳለቀ ንግግሬን ጀመርኩ፤ የውጭ ኩባንያው ፈቃድ እንዳለው፣ ብራችንን ይዞ እንደማይጠፋ...

"ፈረንጁ ምን አደረገኝ?" ብለው አቋረጡኝ። "እኔ የምፈራው አንተን ነው።"

"እኔን ጋሼ?"

"አንተን። አምና አንድ እሑድ መዋጮ ሳልከፍል ብቀር፣ ቅጣት ልትጽፍብኝ መጥተህ አይደል ወለል ላይ ወድቄ ያገኘኸኝ? ያን ቀን በስልክ ከፍዬ ቢሆን ማን በሬን ያንኳኳ ነበር?"

አፈርኩ። ያን ቀን ሐኪም ቤት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ፤ እንዲህ ግን አስቤው አላውቅም። ቃለ ጉባኤውን ወደ ቦርሳዬ መለስኩና "እንግዲያው ይቅር" አልኳቸው።

"ማን ይቅር አለህ? እስክሪብቶ አምጣ!"

ደግፈው ፈረሙ፤ ከሥሩም አንድ መስመር ጨመሩ። በደስታ ሳላነበው ቁልቁለቱን ወረድኩት።

መሪ

መስመሩን ያነበብኩት ቤቴ ደርሼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው። "ጸሐፊው በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ በስልክ የከፈሉትን ሁሉ በየቤታቸው እየሄደ ይጠይቅ" ይላል። እድርተኛው መቶ አርባ ነው፤ ሕንፃዎቻችን ባለ አራት ፎቅ ናቸው፤ አሳንሰር የሚባል ነገር የለም። በማግስቱ ሲነበብ አንድም ተቃዋሚ አልተገኘም፤ ስለ ውጭ ኩባንያ ሲጮኹ የነበሩት ሁሉ አጨበጨቡ። የውጭ ኢንቨስትመንት ሥራ ይፈጥራል የሚባለው እውነት መሆኑን ተማርኩ፤ ደመወዝ ብቻ የለውም።

በሚቀጥለው ወር እያለከለክኩ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁና የወይዘሮ አልማዝን በር አንኳኳሁ። ከሁሉ ቀድመው የከፈሉት እሳቸው ነበሩ።

"ከፍያለሁ እኮ!" አሉ ስልካቸውን እያሳዩኝ።

"አይቻለሁ። እርስዎ ደህና ነዎት ወይ?"

ስልካቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ በሩን በሰፊው ከፈቱት።

"አይደለሁም" አሉ፤ "ግባ።"