የደቡብ ሾርባ በሁለት ድስት

እህቴን ወደ ዓረብ አገር የሚልካት ደላላ መልሷን የሚጠብቀው እስከዚያ ቀን ማታ ነበር። እህቴ ስልኳን የመምህራን ላውንጁ ማብሰያ ክፍል መስኮት ላይ፣ ከጨው ዕቃው አጠገብ አስቀምጣዋለች። በጮኸ ቁጥር ሁለታችንም ቀና እንላለን፤ እሷ ስልኩን አይታ ወደ ድስቷ ትመለሳለች፣ እኔ ፊቷን አይቼ ወደ ሽንኩርቴ እመለሳለሁ።

"ዛሬ እምቢ ካሉኝ እሄዳለሁ" ብላኛለች ጠዋት ከቤት ስንወጣ፣ ቁልፉን እየሰጠችኝ። ዳቦ ገዝተሽ ግቢ የምትለኝ ይመስል፣ ቀለል አድርጋ ነው የተናገረችው።

እኔ እዚሁ አሰላ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ልጆች ጋር የማታ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ። ያኔ ታናሽ እህቴ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። እናታችን ስትሞትም እዚያው ነበረች፤ ለቅሶዋን በስልክ ነው የሰማሁት። ከተመለሰች ወዲህ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው መኖሩን ለምጄዋለሁ። ማታ ሳነብ ከመጋረጃው ወዲያ ስትገላበጥ ይሰማኛል፤ "አሁንም አልጨረስሽም?" ትለኛለች። እንደገና ከሄደች የምትመለስ አይመስለኝም።

ላውንጁን ትሠራ የነበረችው ሴት ቤቷን ወደ አዳማ ስታዞር ነው እህቴን ለኮሚቴው ያቀረብኳት። ለሰው ስለ ሰው ማውራት ይጨንቀኛል፤ ቢሮው በር ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። በመጨረሻ አንድ ምሳ ሠርታ ታቅምስ ተባለ። ሁዳዴ ነው። ከመምህራኑ ገሚሱ ጾመኛ ነው፤ እኛ ሙስሊሞቹ ደግሞ እነሱ ያረዱትን አንበላም፣ እነሱም እኛ ያረድነውን አይበሉም። "ሁሉም የሚበላው ነገር ይሁን" አሉ የኮሚቴው ሰብሳቢ። የሒሳብ መምህርት ናቸው፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ነጠላቸው የማይዛነፍ። በጾም ቀልድ አያውቁም።

እህቴ "የደቡብ ሾርባ እሠራለሁ" አለች።

ሾርባውን የተማረችው ከማዳሟ ነው። ማዳሟ ዓረብ አገር ለሥራ የመጣች አሜሪካዊት ነበረች፤ ስለ አገሯ ስታወራ "እኔ የደቡብ ልጅ ነኝ" ትል ነበር አሉ። የሚሠራው ነጭ ሆኖ እምብርቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ካለበት ጥሬ ነው። እህቴ "ባለዓይን" ትለዋለች። በእንግሊዝኛ አተር ነው የሚሉት፤ አተር አይደለም፣ የአደንጓሬ ዘመድ ነው። ይህን ስነግራት "ይጣፍጥ እንጂ የማንም ዘመድ ይሁን" አለችኝ። እኛ ደጋ ላይ አይበቅልም። ገበያ ለገበያ ዞረን ከኦጎልቾ በኩል ከቆላ የመጣች ሴት ዘንድ አገኘነው። ሴትዮዋ እየሰፈረችልን "ይሄ ጥሬ ያያል፤ ሳትከድኑት እንዳታሳድሩት" ብላ ሳቀች።

የማዳሟ ሾርባ ግን በጭስ የደረቀ የአሳማ እግር ይገባበት ነበር። እህቴ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ አስራ ነው የምታማስለው። አንድ ቀን ማዳሟ ይህን አይታ ምንም ሳትናገር ወጣች። ስትመለስ አዲስ ድስት ይዛለች። አሳማ የሌለበት፣ በሌላ ቅመም የጣፈጠ ሾርባ ሠርታ "ይሄ ያንቺ ነው" አለቻት። ይህን አንድ ቀን ማታ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ነው የነገረችኝ። ቅመሙ ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

የምሳው ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። በአንድ የከሰል ምድጃ ደግሞ ቶሎ አይበስልም። ስለዚህ ባለዓይኑን በሁለት ድስት ከፍላ፣ በሁለት የከሰል ምድጃ ቀቀለችው። ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ በተሰበረው መስታወት እየገባ ከሰሉን አንዴ ያግመዋል፣ አንዴ ያጠፋዋል። ድስቶቹን በአመድ የፈተግኳቸው እኔ ነኝ፤ ከዚህ በፊት ምን እንደተሠራባቸው አላውቅማ። ዘይቱንም ከታሸገው ነው ያመጣሁት። ቅቤ የነካው ማንኪያ እንዳይገባ አንድ በአንድ አሽትቻለሁ። እህቴ ሳቀችብኝ።

"ሰርግ አደረግሽው እኮ። ማሎ፣ እባክሽ ተቀመጪ!"

የሰውነት ማጎልመሻው መምህር አንገቱን በበሩ አስገባ። እንደ እኛው ሙስሊም ነው፤ ቀልድ ይወዳል።

"የደቡብ ነው አሉኝ። ከወላይታ ነው ከሐዋሳ?"

"ከአሜሪካ" አለች እህቴ።

"አሜሪካም ደቡብ አላት?"

"አላት።"

"ክልል ነው ዞን?"

"ሂድ ወዲያ! ሳትቀምስ ክልል ልታደርገው ነው?"

ሳቀ። "እንዲያው ቶሎ በሉ፤ ሰብሳቢዋ ደወል እንደተደወለ ነው የሚመጡት። ሲራቡ ደግሞ አይቻሉም።"

እሱ ሲሄድ እህቴ የመጀመሪያውን ድስት አጣፈጠች። ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ሚጥሚጣው ሁሉ ገባ። ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ ከጠበቅኩት በላይ ወፍራም፣ የሚያስጎመጅ ሽታ። ደስ አለኝ። እንዲያውም ሰብሳቢዋ ሲቀምሱ የሚሆኑትን በዓይነ ኅሊናዬ አየሁ። ከዚያ እግሬ ሥር የተጨማደደች፣ የምታብረቀርቅ የቅመም መጠቅለያ አየሁና ላነሳት ጎንበስ አልኩ፤ ቆሻሻ ወለል ላይ ሲቀር አልወድም። ሳቃናት ከዓረብኛ ጽሑፍ ጋር የዶሮ ሥዕል አለባት።

ቀና ስል እህቴ ሁለተኛውን ድስት በጨርቅ ይዛ፣ ከመጀመሪያው ላይ ልትገለብጠው አዘንብላዋለች።

"ተይ!" አልኩ። "እንዳትገለብጪው!"

እኔ አልጮኽም። ድምፄን እኔ ራሴ አላወቅኩትም። ድስቱን ይዛ ባለችበት ቀረች።

"ምን ሆንሽ? አስደነገጥሽኝ እኮ!"

ወረቀቷን አሳየኋት።

"እና?"

"ዶሮ ነው።"

"ዶሮው የታለ? ቅመም ነው። ሽታው እንጂ ሥጋ የለበትም።"

"ሽታው ከምን መጣ?"

"ኤዲያ!" ድስቱን መልሳ ምድጃው ላይ አስቀመጠች። "ማን ያየዋል? እዚህ ያለነው አንቺና እኔ ነን።"

"እኔ አየሁት።"

"አንቺማ! ላንቺ ሁሉም ነገር መጽሐፍ ነው፤ ጀርባው ላይ ቁጥር ካልተለጠፈ መደርደሪያ ላይ አይወጣም።" በጭልፋው ጫፍ ሁለተኛውን ድስት አመለከተችኝ። "ያለሱ ውሃ ነው። ውሃ ነው የሚሆነው! ውሃ አቅምሻቸው እምቢ ይበሉኝ? ልሂድልሽ? እሱን ነው የምትፈልጊው?"

ስልኩ መስኮቱ ላይ ጮኸ። ማንም አልነካውም፤ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

ዝም ካልኩ ትቀራለች፤ ነገሩ ይህን ያህል ቅርብ ነበር። ወረቀቷን ኪሴ ከትቼ ጎመኔን መክተፍ ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ግን ሰብሳቢዋ ለእናታችን ለቅሶ የመጡ ቀን ትዝ አሉኝ። ቆሎ ነበር ይዘው የመጡት። ቤታችንን አስበው፣ የምንበላውን መርጠው። እኚህ ሴት አሁን መጥተው፣ አማትበው፣ በጾማቸው መሐል እኛ ያረድነውን ዶሮ ሳያውቁ ሊጠጡ ነው። እናገራለሁ ብዬ አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

"እኔ ስንቱን ችያለሁ!" አለች። "አፍንጫዬን አስሬ የአሳማ ድስት ሳማስል ማን ምን አለኝ? ስንት ወር! ማን ጠየቀኝ? ማዳም እስክታይ ድረስ..."

አቆመች።

ጭልፋውን እንደያዘች የመጀመሪያውን ድስት ታየዋለች። ከሰሉ ይንጣጣል። ውጭ ልጆች ኳስ እየተጫወቱ ይንጫጫሉ።

"ይቺን ቅመም ማዳም ያመጣችው እኮ" አለች ቀስ ብላ፣ በኦሮምኛ፣ ልጆች ሳለን ሲደክመን እንደምናወራው፣ "ለኔ ብላ ነው።"

ጭልፋውን የመጀመሪያው ድስት ውስጥ ተወችው።

"ሌላ ጭልፋ አለ?"

"አለ።"

"ያልነካ?"

"ያልነካ።"

"አምጪ። ቢላዋሽንም እጠቢው።"

የቀረውን ሽንኩርት ሊያር አንድ ሐሙስ እስኪቀረው ድረስ አጠቆረችው። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ የመጨረሻውን ቲማቲም ጨምራ ሁለተኛው ድስት ውስጥ ከተተችው። ሚጥሚጣውን ስትነሰንሰው ሁለታችንም ሳልን። ቀመሰች። ፊቷን አየሁ፤ እንዳለችው ውሃ ሆኖባታል።

"ጭስ ጭስ የሚል ነገር ነው የጎደለው" አለች። "ደግሞ ቀጠነ። ምን አለሽ?"

ምን አለኝ? መጽሐፍ ነው ያለኝ። ከዚያ መሳቢያዬ ውስጥ ያለው በሶ ትዝ አለኝ፤ ጠዋት ቁርስ ሳልበላ ስመጣ የምበጠብጠው። ሮጥኩ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስሮጥ ያዩኝ ተማሪዎች መንገድ ለቀቁልኝ። ስመለስ ደወሉ ተደወለ።

በሶውን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣ በቀጭኑ አፈሰሰችው። የተቆላ ገብስ ሽታ ተነሣ። ጎመኑን በላዩ በተነች። ለመቅመስ ጊዜ አልነበራትም፤ ሰብሳቢዋና የሰውነት ማጎልመሻው መምህር ወንበር ሲስቡ ሰማን።

በጎድጓዳ ሳህን አቀረበች። ሰብሳቢዋ አማተቡ፣ ማንኪያቸውን አነሡ።

"እትዬ፣ ይቆዩ" አለች እህቴ።

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

"እዚያ ውስጥ ሌላ ድስት አለ። እሱ ዶሮ ነክቶታል። በስሕተት ነው፣ ቅመሙ የዶሮ ነበር። ይሄኛው አልነካውም። ግን ሳላሳውቅዎ እንዲበሉ አልፈለግኩም።"

ሰብሳቢዋ እሷን አዩ፤ ከዚያ እኔን። ተማሪ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ስሌት ከላይ እስከ ታች እንደሚያዩት ነበር።

"ጭልፋው?" አሉ።

"ሌላ ነው።"

"የተከተፈበትስ?"

"ታጥቧል" አልኩ እኔ። "ቢላዋውም። እኔ ነኝ ያጠብኩት።"

ማንኪያው አሁንም አየር ላይ ነው። ነፋሱ በሩን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። የእህቴ እጅ ሽርጧን ጨብጦ ይዟል።

"አንቺ ካልሽ" አሉኝ ሰብሳቢዋ። ቀመሱ። ሳሉ። ውሃ ጠጡ። እንደገና ቀመሱ።

የሰውነት ማጎልመሻው መምህር ሳህኑን ጨርሶ ተነሣ። "እኔ ያንኛውንም ደቡብ ልጎብኘው" ብሎ ወደ ማብሰያው ክፍል ገባ። ማንም አልሳቀለትም።

ሰብሳቢዋ በእንጀራ ሳህኑን ጠርገው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ አበሱ። ስለ ጨው ምንም አላሉም። ስለ በሶውም አልጠየቁም። ሊወጡ ሲሉ በሩ ጋ ቆሙ።

"ነገስ ምንድን ነው የምትሠሪልን?" አሉ፣ መልስም ሳይጠብቁ ሄዱ።

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። "ምን ማለታቸው ነው? ነገም ሊፈትኑኝ ነው?"

"አይደለም" አልኳት።

ነገሩ ገባት። ከዚያ ወደ ሽንኩርቱ ቅርጫት ሄዳ ለነገ ስንት እንደቀረ ማየት ጀመረች። ስልኩ ጮኸ። ሁለታችንም ቀና አልን። እኔ ስልክ ማንሣት አልወድም፤ ሰው ፊቱን ሳላይ ማናገር ይከብደኛል። ግን አነሣሁት። ደላላው ነው፤ እሷን ስጪኝ አለ።

"እጇ ሚጥሚጣ ነክቷል" አልኩት።

"እሺ፣ ትታጠብና ታናግረኝ። መቼ ልደውል?"

ስልኩን በእጄ ሸፍኜ ጠየቅኳት። እህቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቀና አላለችም።

"ገና አልጨረስኩም በይው።"