ጋሽ ደምሴ ሚስታቸውን የቀበሩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከካራቆሬ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ ስብከት ከፈተ። ሻካራ፣ መጨረሻው ላይ ሰለል የሚል ድምፅ። ወዲያው አወቅሁት። ስታዲየም ሙሉ ሰው እልል ይልላቸው የነበሩት ወንጌላዊ ደምሴ ናቸው፤ ካረፉ ዓመት ሆናቸው። ለእኔ ግን ሸዋ ሮቢት ከቤታችን ጀርባ የሚኖሩት፣ ሞንታርቦ በብስክሌት ጭነው ገበያ ለገበያ የሚዞሩት ጋሽ ደምሴ ነበሩ።

ሰፈሩ አይወዳቸውም። ልጆች "ጴንጤ" እያልን ጠጠር እንወረውርባቸዋለን፤ እኔም ወርውሬያለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ብስክሌታቸውን አቁመው "ክንድሽስ ደህና ነው፣ ዓይንሽ ነው ያልሠለጠነው" ብለውኝ ሄዱ።

በወባው ወራት ሚስታቸው እትዬ አስናቀች ሞቱ። በሽተኛ ላይ እጃቸውን ጭነው የሚጸልዩት ሰው፣ በገዛ ቤታቸው ሞት ቀደማቸው። እድሩ ድንኳን ከለከለ። መቃብር ቦታውም "የእኛ አይደሉም" ተባለና በሩ ተዘጋ።

ቆላ ነው፤ ሬሳ አያቆይም። ረፋዱ ላይ ቆርቆሮው ከሙቀቱ የተነሣ ቋ፣ ቋ ማለት ጀመረ። ሳጥኑ በረንዳው ላይ ነው። ደጅ ከቆሙት ጎረምሶች አንዱ፣ "ደምሴ፣ ፈዋሽ አይደለህ እንዴ? በል አስነሣት" አለ። ሳቁ። እናቴ ክንዴን ጨመቀችኝ።

ጋሽ ደምሴ ቀና ብለው አዩት። "እስኪነጋ ድረስ ለመንኩት፣ ልጄ። እንቢ አለኝ።"

የሚስቅ ጠፋ።

በዚህ መሀል ከወንዙ ማዶ ማሾ የሚዘሩት ጋሽ ሰይድ አፈር በአፈር ሆነው ደረሱ። "ደምሴ፣ ማሳዬ ጥግ ቆፍሬያለሁ። አፈሩ የአላህ ነው፤ ተነሥ።"

እናቴ ከእድር እንደምትሰረዝ እያወቀች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለች። ስምንት ብንሆን ነው። ጎረምሶቹ ድንጋይ ይዘው ከኋላችን ይመጣሉ።

ደረስንና ሳጥኑ አልገባ አለ። ጋሽ ሰይድ በሚያውቁት ወግ ነው የቆፈሩት፤ ጉድጓዱ በከፈን ለተጠቀለለ ሰው የሚበቃ፣ ጠባብ ነው። "ወላሂ፣ ሳጥኑን ልብ አላልኩትም" ብለው ዶማቸውን አነሡ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ እንደገና ይቆፈር ቢባል ሰዓት ይፈጃል፣ ጎረምሶቹም እየቀረቡ ነው።

ጋሽ ደምሴ የጋሽ ሰይድን እጅ ያዙ። "ተው ሰይድ። አንተ የቆፈርክላት ይበቃታል።"

ክዳኑን በገዛ እጃቸው ነቀሉ። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ዘረጋችላቸው። ሬሳው ከሳጥኑ ሲወጣ፣ ያ "አስነሣት" ያለው ልጅ ፊቱን አዞረ። የያዘውን ድንጋይ የት እንደጣለው አላየሁም።

እናቴን እድሩ ሰረዛት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ መለሳት። ጋሽ ደምሴ አዲስ አበባ ገብተው ስማቸው ገነነ፤ ያን ቀን ግን በስብከታቸው ሲያነሡት ሰምቼ አላውቅም። ያ የማሳ ጥግ ዛሬ መቃብር ሞልቶታል፤ እሳቸውም እዚያው ናቸው። የከተማችን ጴንጤዎች ሬሳቸውን እስከ ጉድጓዱ አፍ በሳጥን ያመጡና፣ አውጥተው በነጠላ ጠቅልለው ያወርዱታል።

በቀደም አንዷን ወጣት ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ጠየቅኋት።

"መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አለ መሰለኝ፣ እትዬ" አለችኝ።