እትዬ ጠሂራ የማይጠሩት ስም

እትዬ ጠሂራ በአርባ ሁለት ዓመት ትዳራቸው የባላቸውን ስም አንድም ቀን ከአፋቸው አውጥተውት አያውቁም ነበር። በተወለዱበት፣ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ባለው የወሎ ገጠር፣ ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም፤ «አንቱ» ነው የምትለው። ለሌላ ሰው ስታወራ ደግሞ «ሰውየው» ትላለች። እትዬ ጠሂራ ይህንኑ ይዘው መርካቶ መጡ፤ ኋላም ምን አለሽ ተራ ገቡ። ልጃቸው ኢምራን ሲወለድ «የኢምራን አባት» ተጨመረበት። ሙነወር የሚለው ስም የሰፈሩ ሁሉ ሆነ፤ የእሳቸው ግን አልሆነም።

ልጅ ሳለሁ የእኛን ቤት ከእነሱ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነበር። ጋሽ ሙነወር ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ ይሠራሉ። መዶሻቸው ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም፤ ዙሪያውን ያሉትም የሌሎች ቀጥቃጮች መዶሻዎች እንደዚያው። ምሳ ሲደርስ እትዬ ጠሂራ በራፉ ላይ ይቆሙና በሁለት ምት መሃል ያለችውን ትንሽ ክፍተት ጠብቀው «አን…ቱ» ይላሉ። ጮክ ብለው አይደለም። ከዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ጋሽ ሙነወር ቀና ይላሉ። እኛ ልጆቹ ጨዋታ አድርገነው ነበር፤ አንዱ ጣሳ ይደበድባል፣ ሌላው ክፍተቷን ጠብቆ አንቱ ይላል። የሳተ ይሸነፋል።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የቋንቋ ትምህርት ሳጠና ለአንድ የቤት ሥራ መጠይቅ ይዤ እትዬ ጠሂራ ዘንድ ሄድኩ። የባለቤትዎ ስም ማን ይባላል አልኳቸው።

«አንተ አታውቀውም እንዴ?» አሉኝ።

አውቀዋለሁ፣ ግን ከእርስዎ አፍ መስማት ፈልጌ ነው ስላቸው ሳቁና ሻይ ቀዱልኝ። ወረቀቱ ላይ «መልስ አልሰጡም» ብዬ ጻፍኩ። ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ። መልሱንማ ሰጥተውኝ ነበር።

በከተማው ለትልቅ ሰው የምንለው «እርስዎ» ነው። አንቱን የምንሰማት አንድን ሰው «አንቱ የተባለ ነጋዴ» ብለን ስናደንቅ ነው፤ አለዚያም አንዱ በአንዱ ሲያሾፍ። ጎረቤታቸው ቀጥቃጩ ጎበዜ «እትዬ፣ ስማቸውን ቢጠሩት ምላስዎ ይቃጠላል?» እያለ ይተርባቸዋል። እሳቸውም አይተኙለትም፤ «ያንተዋ ቀኑን ሙሉ ስምህን ስትጠራ ትውላለች፤ አንድ ቀን ቶሎ ገብተህላታል?» ይሉታል።

ካቻምና ጋሽ ሙነወር መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ መዶሻውን ያስቀመጡበትን ቦታ፣ ቀጥሎ የደንበኞችን ፊት። ኢምራን የጂቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። እትዬ ጠሂራ ባላቸውን ምድጃው የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይውላሉ።

ባለፈው የካቲት፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ እትዬ ጠሂራ የቀትሩን ዙህር ሊሰግዱ ወደ ጓዳ ገብተው ሲመለሱ ወንበሩ ባዶ ነበር። የጋሽ ሙነወር ስልክ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። ጎበዜ መዶሻውን ጥሎ ወደ አውቶቡስ ተራ ሮጠ፤ እሳቸው ወደ ሶማሌ ተራ። ጋሪው፣ የጭነት መኪናው፣ «መንገድ! መንገድ!» የሚለው ተሸካሚ፤ ልጅ እግሩን የሚያስደነግጠው ግርግር መንገዱን ለረሳ ሽማግሌ ምን ሊሆን ነው እያሉ ይሄዳሉ። ያገኙትን ባለሱቅ ሁሉ ሰውየውን አይታችኋል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ሶማሌ ተራ ላይ «ሰውየው» ብሎ ማን ይገኛል?

አንድ ጨርቅ ሻጭ አዘነላቸው። «ማዘር፣ ስማቸው ማን ይባላል? እኛም እንጣራልዎት» አለ። የኢምራን አባት አሉት። እሺ፣ የራሳቸው ስምስ ማን ነው አላቸው።

ይህን ሲነግሩኝ እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው ነበር። የሐይቅ ሰው ናቸውና ስሙ እንደ ዓሣ አጥንት ያዘኝ አሉኝ። ነውር መስሏቸው ብቻም አልነበረም። ያን ስም ካወጡት አርባ ሁለት ዓመት ሲያስቀምጡት የኖሩት ነገር አብሮ የሚፈስ መሰላቸው። ግን ሰውየው ጠፍቷል።

«ሙነወር» አሉ በሹክሹክታ። ከዚያ ነጠላቸውን አጥብቀው ጮክ ብለው ጠሩ። መርካቶ መሃል ሙነወር ብሎ መጣራት ቀላል አይደለም፤ ሦስት ሰው ዞረ። አንደኛው ጆንያ የተሸከመ ወጣት ነው፤ ከነሸክሙ ቆሞ «አቤት ማዘር» አለ። ይቅርታ ጠየቁት። የእሳቸውን ሙነወር እንዳላየ ነግሯቸው፣ አላህ ያገናኝዎት ብሎ አለፈ።

ስሙ አንዴ ከወጣ በኋላ አላቆሙም። እየተጣሩ ጭድ ተራ ደረሱ። እዚያ የወሰዳቸው ልባቸው ነው፤ ከወሎ እንደመጡ ሁለቱ መጀመሪያ የተከራዩት አንድ ክፍል እዚያ ነበረች። ቤቱ ፈርሶ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል። ደረጃው አጠገብ የፕላስቲክ ጀሪካን ከሰው ቁመት በላይ ተደርድሯል። እዚያም ደጋግመው ተጣሩ። ማንም አልመለሰም። ድምፃቸው ሲዘጋ ጀሪካኑን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን፣ እንዲያው ምሳ ሲደርስ እንደሚሉት፣ «አን…ቱ፣ የት ገቡብኝ?» አሉ።

«እዚህ ነኝ» አለ ከጀሪካኑ ጀርባ የሚያውቁት ድምፅ። «ምነው፣ በሩን አትከፍቺም?»

ጋሽ ሙነወር የፎቁ ደረጃ ላይ እግራቸውን ሰብስበው ተቀምጠው ነበር፤ ቤታቸው እስኪከፈትላቸው።

እትዬ ጠሂራ መጀመሪያ አለቀሱ። የተቆጡት ቆይተው ነው። ያን ያህል ስጣራ አልሰሙም ወይ አሏቸው።

«ሰምቻለሁ» አሉ ጋሽ ሙነወር። «አንዲት ሴት ስሜን ስትጠራ ነበር። የማላውቃት ሴት መንገድ ላይ ብትጠራኝ ምን ብዬ እነሳለሁ?»

«ድምፄንስ አላወቁትም?»

«ያንቺን ይመስላል። ግን አንቺ ስሜን አትጠሪም።»

ጎበዜ ደውሎ ስለነገረኝ በማግስቱ ሄድኩ። እትዬ ጠሂራ ይህን ሁሉ ያወሩልኝ እየሳቁ ነው፤ መሃል ላይ ግን ዞር እያሉ ባላቸውን ያያሉ። ጋሽ ሙነወር ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ ያመታሉ፤ መዶሻው ከእጃቸው ቢወጣም ምቱ አልወጣም። ስማቸውንና የእርስዎን ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈን ኮታቸው ኪስ ውስጥ እንስፋው አልኩ። እትዬ ጠሂራ ተስማሙ። እስክሪብቶዬን አውጥቼ ስማቸውን ማን ብዬ ልጻፍ አልኳቸው።

«አታውቀውም እንዴ?» አሉኝ።

ጻፍኩት። ስልክ ቁጥሩንም ጨመርኩ። ወረቀቱን ተቀብለው ጥቂት ካዩት በኋላ መልሰው ሰጡኝና ይሄ ብቻውን አይበቃም፣ ከሥሩ ጨምርበት አሉ። እሳቸው እያሉ እኔ ጻፍኩ። ሲያበቃ ልክ መሆኑን እንዲሰሙት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው።

«ሙነወር ይባላሉ። በስማቸው ተጠርተው ካልዞሩ አጠገባቸው ቁሙና አንቱ በሏቸው። መጮህ አያስፈልግም።»

አንቱ የሚለው ላይ ስደርስ የጋሽ ሙነወር ጣት ቆሞ ነበር። ቀና ብለው እኔን አለፉኝና በራፉን አዩ።

«ምሳ ደረሰ እንዴ?» አሉ።