ጉርሻው እስኪደርስ

አባቴ ሲያኮርፉ ድምፅ አያሰሙም። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ይስቡና ግድግዳ ያያሉ። እህቴ አዲስ አበባ የተዳረች ሰሞን የቤታችን ግድግዳ እንደዚያ ታይቶ አያውቅም። ጥፋቱ ግልጽ ነው፤ ዳሱ እዚህ መካነ ሰላም፣ እሳቸው ግቢ አልተጣለም። «ልጄን የምድረው በደጄ ነው» ብለው ቀሩ። እናቴ ሄዳ መጣች። እኔ አባቴን ላጽናና ቀረሁ። ማጽናናት ማለት አብሮ ግድግዳ ማየት ነው።

ሙሽሮቹ ለመልስ ሊመጡ እንደሆነ ላኩ። የልጅቷ አባት ያልጠራው መልስ ደግሞ መልስ አይባልም። እናቴ ሰርጉ የተቀረጸበትን ዲቪዲ ይዛ ሱቄ መጣች።

«እንደምንም ብለህ አሳያቸው» አለችኝ። «አይተው ከራሩ ራሩ። ካልሆነ ልጄ መጥታ በር ሊዘጋባት ነው።»

ዲቪዲ ማጫወቻ ያላቸው ጎረቤቶች ነበሩ። አባቴ ግን የልጃቸውን ሰርግ ሰው ቤት ተቀምጠው ከሚያዩ ሞታቸውን ይመርጣሉ። የቀረው የእኔ ሱቅ ነው። ፎቶ አነሣለሁ፣ ጽሑፍ እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ። ኮምፒውተሬ አንድ መሥሪያ ቤት አረጀ ብሎ ያስወገደው ነው። እሱን አብርቼ ሻይ አዝዤ፣ ጠጥቼ፣ ብርጭቆውን መልሼ ስመጣ ገና እየተነሣ ነው። ዲስክ ማንበቢያ ገጥሜለታለሁ፤ ጉልበት ግን ከየት ልግጠምለት?

አባቴን በመታወቂያ አሳብቤ አመጣኋቸው። ጉርድ ፎቶ አነሣኋቸው፤ ካሜራውን የድንበር ባላንጣቸው ይመስል አፈጠጡበት። ከዚያ እንደ ዘበት ሰርጉን ከፈትኩት። «እኔ አላይም» አሉና ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጉ።

ፊልሙ ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል። እንደገና ይሄዳል፣ ይቆማል። ሙሽራው ኬክ ቆርሶ ወደ እህቴ አፍ አቀረበና ልክ ከንፈሯ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። እሷ አፏን ከፍታ፣ እሱ እጁን ዘርግቶ። ድምፁ ግን አልቆመም፤ እልልታው ይቀልጣል።

«ምን ሆኖ ነው የማያጎርሳት?» አሉ አባቴ።

«ኮምፒውተሩ ነው አባዬ፤ አቅም አንሶት ነው።»

«የሚያጎርሳት ኮምፒውተሩ ነው እንዴ?»

ጠበቅን። እህቴ አፏን እንደከፈተች ናት። አባቴ ብድግ አሉ።

«ስስታም ነው! ወላሂ ስስታም ነው! በሰርጉ ቀን ሰው እያየው ጉርሻ ያገተ፣ ነገ ሌማት ይቆልፍባታል። ለእንዲህ ያለ ሰው መልስ አልጠራም!»

ሱቁን ዘግቼ ቤት ስደርስ ግድግዳው መታየት ጀምሯል። እናቴ «ልጁ እኮ እኔን ራሴን በጉርሻ ሊያንቀኝ ነበር!» ብላ ብትምል ብትገዘት ማን ይስማት።

ደሴ አሮጌ ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛ አለኝ። ደወልኩና የአማቻችን ስም በጉርሻ ምክንያት መጥፋቱን ነገርኩት። ስቆ ስቆ ሲያበቃ፣ «ካርድ አለልህ» አለኝ። ድሮ ኮምፒውተር ሁሉ እንደ የእኔው ደካማ በነበረበት ጊዜ የሚገጠም ነው። የዲስኩን ፊልም ፈትቶ የማሳየቱን ሥራ ከኮምፒውተሩ ተቀብሎ ራሱ ይሠራዋል። «ኮምፒውተሩ ስክሪኑ ላይ ደማቅ ሮዝ ቀለም ብቻ ይቀባል፤ ካርዱ ያንን ሮዝ ባየበት ሁሉ ፊልሙን ያፈስበታል። ገባህ?» አለኝ። ገባኝ አልኩ። ያልገባኝን ነገር ሁሉ ገባኝ ነው የምለው።

ካርዱ በብስኩት ካርቶን ተጠቅልሎ፣ በአቀስታ በኩል በአውቶቡስ መጣ። የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍቼ ሰካሁት፤ የስክሪኑንም ገመድ በእሱ በኩል አሳለፍኩ። እናቴን አስከትዬ አባቴን «ፎቶዎ ደርሷል» ብዬ ጠራኋቸው።

ፊልሙ ያለ አንዳች እንቅፋት ፈሰሰ። ኬኩ ተቆረሰ፣ እጁ ተዘረጋ፣ ጉርሻው ገባ።

«ድገመው» አሉ አባቴ። ደገምኩት። «ዋጠች?»

«ዋጠች።»

«እሺ፤ ስስታም አይደለም» አሉ ቅር እያላቸው። «ዳሱ ግን እዚህ አልተጣለም። በል ፎቶዬን አሳየኝና ልሂድ።»

የሱቄ ግድግዳ ውሃ የወረደበት ስለሆነ ጉርድ ፎቶ ሳዘጋጅ የሰውየውን ዙሪያ ቆርጬ አወጣዋለሁ። ነጭ ከማድረጌ በፊት አንድም እድፍ እንዳያመልጠኝ የሚጮህ ሮዝ እቀባዋለሁ። የአባቴ ፎቶ ገና ሮዝ ላይ ነበር። ከፊልሙ በላይ ከፈትኩት።

ሮዙ ጠፋ፤ ካርዱ በቦታው ፊልሙን አፈሰሰበት። ከአባቴ ጭንቅላት ኋላ ሰው እስክስታ ይመታል። ሚዜዎቹ በግራ ጆሯቸው በኩል ገብተው በቀኙ ይወጣሉ። እሳቸው በዚያ ሁሉ ጭፈራ መሐል እንደ ተኮሳተሩ ናቸው።

«እኔ ነኝ?» አሉ አባቴ።

«እርስዎ ነዎት።»

«በገዛ ልጄ ሰርግ እንዲህ ተኮሳትሬ? ሰው ምን ይለኛል! አውጣኝ!»

ሳቄን እያፈንኩ ፎቶውን በማውስ ጎተት አደረግሁት። ከሥሩ የቤተሰቡ ጠረጴዛ ብቅ አለ። እናቴ በሀገር ልብሷ ደምቃ ተቀምጣለች። ከጎኗ አንድ ባዶ ወንበር አለ፤ የታጠፈ አዲስ ጋቢ ተቀምጦበታል። ቦታ ያጣ ሰው ሳህኑን ይዞ ቆሞ ይበላል፤ ወንበሩን ግን የነካው የለም። ፊልሙን ቆም አደረግሁት።

«የማን ነው?» አሉ አባቴ።

እናቴ ከበሩ ሥር መለሰች። «የእርስዎ ነዋ። ሙሽራዋ ናት ማንም እንዳይቀመጥበት ያለች። እየተነሣች ስታየው ዋለች።»

አባቴ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። ግድግዳውን ግን አላዩም። ወንበሩን ብቻ እያዩ ዐይናቸው እንባ ሞላ።

«መልሰኝ» አሉ።

«የት?»

«ወንበሬ ላይ ነዋ!»

ጎትቼ አስቀመጥኳቸው። ራሳቸውን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «በዚህ ፊት አይሆንም። እንደገና አንሣኝ።»

አባቴ ለካሜራ ፈገግ ሲሉ አይቼ አላውቅም ነበር። አለመልመዳቸውም ያስታውቃል፤ ጥርሳቸውን ሁሉ አወጡት። እንዳለ አነሣሁት፣ ሮዝ ቀባሁት፣ ወንበሩ ላይ አኖርኩት።

መልሱ ተጠራ፣ ዳሱም ተጣለ። አባቴ አማቻቸውን እንባው እስኪመጣ ካጎረሱት በኋላ «ጉርሻ እንዲህ ነው፤ መሐል ላይ አይቆምም!» አሉት። ልጁ ምን እንዳጠፋ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ከዚያ እህቴን እጇን ይዘው ሱቄ አመጧት። ፊልሙን ከፈትኩት። እናቴ ከጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። ከጎኗ አባቴ፣ እግር የላቸውም፣ ጭንቅላታቸው ከሁሉ ሰው ይበልጣል፣ ጥርስ በጥርስ ሆነው ሰርጉን ይታደማሉ። እህቴ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ወንበሩን አወቀችው።

«አባዬ» አለች እንባዋ እየወረደ። «መቼ መጡ?»

«ዘገየሁ ልጄ» አሉ አባቴ። «መንገዱ አስቸገረኝ።»